የአባትሽ ፓስታ

ሮመን፣ ኦስሎ
የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ያ ነፋስ የሚያስገባው የጋራ ቤታችሁ መስኮትስ ተሠራ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም በረዶው እስኪቀልጥ እንደማይታረቀኝ ታውቂያለሽ። አንድ ከተማ እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ ያስቅሽ ይሆናል። ከሮመን እስከ ግሩነርሎካ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ስልክም አለ። ግን ስልክሽን ወዳጅሽ ኖኤልም ያየዋል። ፊት ለፊት ልንገርሽ ብዬ ደግሞ ሦስት ጊዜ መጥቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ብርዱ አውርተን ተመልሻለሁ። ፊደል እንድትቆጥሪ ሰንበት ትምህርት ቤት ስወስድሽ ታለቅሺ ነበር። ያ ልቅሶ ዛሬ ሊጠቅመን ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

“ጣሊያን ሄደን የምንበላው” ብለሽ የላክሽልኝን ዝርዝር አየሁት። ከላይ ከሚላኖ እስከ ታች ሲሲሊ አሥራ ሁለት ምግብ። የላክሽልኝ ላስጎምጅሽ ብለሽ እንጂ ምከሪኝ ብለሽ እንዳልሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን እመክራለሁ።

ቦሎኛ ላይ “ስፓጌቲ በሥጋ” ብለሽ የጻፍሽውን ሰርዢው። እዚያ ያን የሥጋ ወጥ በስፓጌቲ አይበሉትም፤ በእንቁላል ተለውሶ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ በተቆረጠ ፓስታ ነው። ሮም ውስጥ ካርቦናራ የሚሉትን ፓስታ በክሬም ካቀረቡልሽ ተነሽና ውጪ። ለነገሩ ያለ ክሬምም ቢሆን የአሳማ ጉንጭ አለበት። እንደማትጾሚ አውቃለሁ፣ ፎቶሽን አያለሁ፤ አሳማውን ግን ብትተዪው ደስ ይለኛል። ፑሊያ ስትደርሱ የባቄላ ክክ እስኪልም ተቀቅሎ ከመራራ ጎመን ጋር ይመጣል። ሽሮ ነው ብለሽ እንዳትንቂው፣ ያገሩ ሰው የሚኮራበት ምግብ ነው። ፓሌርሞ ውስጥ የሽምብራ ዱቄት አብኩተው፣ በስሱ ቆርጠው፣ ጠብሰው በዳቦ ይሸጣሉ። የሽምብራ አሳን ለምታውቅ ሴት እንግዳ አይደለም። ከቆመ ሰው ግዢ፤ ወንበር ያለው ቤት ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል።

ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው ትያለሽ። ባለፈው ልደቴን እዚያ ሰፈርሽ ሎካ፣ ጣሊያን ምግብ ቤት ስታከብሩልኝ፣ ኖኤል ፓስታ በሹካ እንዴት እንደሚጠቀለል ሊያሳየኝ እጄን ያዘ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተቀየምኩትም። አንቺ ደግሞ “አይ ኖኤል፣ ማማ የጣሊያን ነገር አይገባትም” አልሽው። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ያን ቀን ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ዛሬ አላፍርም፤ ይሄን ደብዳቤ የምጽፈውም ይቅርታ ልጠይቅሽ አይደለም።

አሥራ ሁለተኛው ላይ እንዲህ ብለሽ ጽፈሻል፦ “ማርች 19፣ ሲሲሊ፣ የቅዱስ ዮሴፍ ማዕድ። በተቆላ የዳቦ ፍርፋሪ የሚበላ ፓስታ። ቀምሼው የማላውቀው!” ይሄን ሜትሮ ውስጥ ሳነብ ከሮመን አልፌ ስቶቭነር ደረስኩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ!

ልጄ፣ ጥርስ ካወጣሽ ጀምሮ በየመጋቢቱ በልተሽዋል። ያ “የሰው ፓስታ አይብ አለው፣ የኛ ዳቦ” እያልሽ የምታኮርፊበት፣ ጓደኞችሽ እንዳያዩት የምትደብቂው የአባትሽ ፓስታ ነው። እንስላሉን ቱርኮቹ ሱቅ ይገዛል፣ የደረቀ ዳቦ ፈርፍሮ በዘይት ይቆላል፣ ዘቢብ ይጨምራል። ከዚያ “እኔ ዘቢብ አልወድም” እያለ ከሳህኑ እየለቀመ ያንቺ ሳህን ላይ ያኖራል። ለምን ዛሬ ስትይው ለመጋቢት መስቀል ነው ይልሽ ነበር። ሙሉ በሙሉ አልዋሸሽም፤ በኛ አቆጣጠር መጋቢት አሥር በነሱ ማርች 19 ነው። የደበቀሽ ግማሹን ነው።

ግማሹን እኔ ልንገርሽ። ወንድይራድ ትምህርት ቤት ተዋወቅን፣ አዲስ አበባ ተጋባን፣ በአውሮፕላን መጣን ያልንሽ ሁሉ አልነበረም። ጣሊያን የገባሁት በባሕር ነው፣ በ2003 በነሱ አቆጣጠር፣ በኦክቶበር። ብቻዬን፣ ያላገባሁ ሴት ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሊቢያ ነበርኩ። ስለ ሊቢያ አልጽፍልሽም። የምደብቀው ኖሮኝ አይደለም፤ ለነዚያ ሰዎች ቀለም አላባክንም።

ሲሲሊ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ አንዲት አሮጊት እያጠብኩ፣ እያበላሁ፣ እየቀቀልኩላቸው ተቀመጥኩ። የከተማዋን ስም በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ፓስታ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ በከዘራ እየመቱ። ገና ለገና ሰው ቤት ሠርታ ነበር እንዳይባል ስንት ዓመት የደበቅሁት ሥራ ይሄ ነው። አሁን እዚህ ኦስሎ፣ ቢየርቪካ ቢሮ ስጠርግ ማንም አያፍርብኝም፤ የዚያን ጊዜው በምን ተለየ?

መጋቢት ሲደርስ ሲኞራዋ፣ አሮጊቷ እመቤቴ፣ “ዛሬ አትሠሪም፣ ትቀመጫለሽ” አሉኝ። እዚያ ከተማ በዮሴፍ ቀን ማዕድ ይዘረጋል። ድሃ ይመረጥና እንደ ማርያም፣ እንደ ዮሴፍ፣ እንደ ሕፃኑ ሆኖ ይቀመጣል፤ እነሱ ሳይቀምሱ ባለጸጋም ቢሆን አይነካም። ዝክር በዪው። እኔን ለማርያም መረጡኝ። ለምን እኔን አላልኩም፤ ሆዴ ገፍቶ ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ማየት ካቃተኝ ሰንብቶ ነበር። ሰማያዊ ነጠላ መሳይ ነገር አለበሱኝ። ዮሴፍ የሆነው ከቲማቲም እርሻ የመጣ ጥቁር ሰው ነው፣ ዱላ ይዟል። ቀና ብዬም አላየሁት።

መጀመሪያ አንድ በር አንኳኳን። ከውስጥ አንዲት ሴት “ለናንተ ቦታ የለም፣ ሂዱ” ብላ ጮኸች። ሁለተኛው በር ላይም እንደዚያው። የከተማው ሰው ከኋላችን ቆሞ ያያል። ልማዱ እንዲህ መሆኑን የነገረኝ የለም፤ ሊሳለቁብኝ አደባባይ ያወጡኝ መሰለኝ። ልብሱን ከላዬ ገፍፌ መሬት ጣልኩና፣ ማንም እንደማይሰማኝ እያወቅሁ፣ በአማርኛ “ለዚህ ነው የጠራችሁኝ?” ብዬ ጮህኩ። ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

ዮሴፍ ልብሱን አንስቶ ተከተለኝና በአማርኛ “እህቴ፣ ልማዳቸው ነው። ሦስተኛው ይከፈታል” አለኝ።

ከአምስት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው አማርኛ ነው። አባትሽን ግርማን ያወቅሁት በዚህ ነው፣ መጋቢት አሥር ቀን 1996 ዓ.ም.፣ መንገድ ላይ።

ልብሱን መልሼ ደረብኩ፤ ሦስተኛው በር ተከፈተ። ማዕዱ ላይ ፓስታው ሲመጣ እጾማለሁ፣ አይብ ካለው አልበላም አልኩ። ሲኞራዋ ሳቁብኝ። ለነሱም ጾም ነው፤ አይብ የማይገባበት ለዚያ ነው፣ ፍርፋሪው ደግሞ የአናጢው የዮሴፍ ሰጋቱራ ነው አሉኝ። ሰርዲን ይገባበታል፣ ድሃ ግን ሰርዲን ስለማይኖረው “ሰርዲኑ ገና ባሕር ውስጥ ነው” ብሎ ይበላል። እኔም እንደዚያው በላሁ። ግርማ ዘቢቡን ከሳህኑ እየለቀመ እኔ ሳህን ላይ አኖረ፤ አልወድም አለኝ። ዘቢብ ነፍሱ እንደሆነ ያወቅሁት ከተጋባን በኋላ ነው። ያን ቀን ስሜን ጠየቀኝ። ከስሜ ሌላ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እስኪያርፍ ድረስ።

በወሩ ያን ሰማያዊ ልብስ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ፣ ባቡር ይዘን ወደ ሰሜን መጣን። ግንቦት ላይ እዚህ ኦስሎ ተወለድሽ። ስምሽን ለኖርዌዮች እንዲቀል አወጣነው ያልንሽ ውሸት ነው። ማርያ ያለሽ እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቂያለሽ። በጣሊያን ማለፋችን ቢታወቅ ያኔ ወደዚያው ይመልሱን ነበር፣ ስለዚህ ዝም አልን። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ዝምታው ለመደብን።

የክርስትና እናትሽ እታገኘሁ ይሄን ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት አበደችብኝ። ከፋሲካ በኋላ የኖኤል ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ነው፣ ሰባት ቤት ሊቆጠር ነው፣ እንዲህ ባለ ሰዓት የተዳፈነ እሳት ይቆሰቆሳል ወይ አለችኝ። ሰው ምን ይላል አለችኝ። ሰው ምን ይላል ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩ፤ ሰው ግን እኔን ሳያስፈቅድ ሲል ነው የኖረው። ሽማግሌዎቹ ይምጡ። የማን ልጅ ናት ሲሉኝ የግርማ ልጅ ናት እላለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። ለነሱ የምለው እውነት ነው። አንቺ ግን የምትበዪውን ሳታውቂ እዚያ ማዕድ እንድትቀመጪ አልፈልግም።

እንግዲህ ማርች 19 እዚያች ከተማ ስትደርሺ ሰልፉን ተከትለሽ ሂጂ። ሁለቱ በር ሲዘጋ አትደንግጪ። ሳህኑ ሲቀርብልሽ አይብ አትጠይቂ። ኖኤል ዘቢቡን ምን እንደሚያደርገው በዓይንሽ ጠርዝ እይው፤ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ እሱ ይነግርሻል። ከጎንሽ ያለ ቱሪስት ምንድነው ብሎ ቢጠይቅሽ “አባቴ ይሠራው ነበር” በዪ፤ ሌላ አትጨምሪ።

ብትናደጂብኝ ተናደጂ፣ መብትሽ ነው። ስልኬን አታንሺ። ስትመለሺ ሎካ ድረስ እመጣለሁ፣ በዚህ ጉልበቴ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ብትዘጊብኝ እመለሳለሁ። ደግሜ መጥቼ ደግመሽ ብትዘጊብኝም እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ ስንተኛው እንደሚከፈት አባትሽ አስተምሮኛል።

ባሕሩ ይዋብልሽ እንጂ አያስፈራሽ። የተቀመጥሽበት ማዕድ አይጉደል፣ ያንኳኳሽው በር አይዘጋብሽ። እመብርሃን በሄድሽበት ትከተልሽ።

ከሰማያዊ ልብሷ ጋር የምትጠብቅሽ
እናትሽ