ከካሞሚልህ የወጣው ሰማያዊ ዘይት

አስሜ፣ የቤቴ ሰው፣

አንተን ከቀበርን ሁለት ክረምት አለፈ። ብዙ ጊዜ ልጽፍልህ ብዕር አንስቼ የምነግርህ ሁሉ ሐዘን ብቻ ሲሆንብኝ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ግን የምሥራች ይዤልሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሕሊና ትምህርት ቤት ገብታለች፤ እንዳንተ በግራ እጇ ትጽፋለች። ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው ቤታችን ጣሪያ ታድሷል፣ አሁን አያፈስም። እኔም ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል የትምህርት ፈቃድ ወስጄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ሕሊናን እኅቴ ትይዝልኛለች፣ በየእረፍቱ እመለሳለሁ። የመመረቂያ ጥናቴን ብትሰማ ትስቅ ነበር። ያንተ አበባ፣ ካሞሚሉ ነው።

ከሥልጠና ስትመለስ ዘሩን በወረቀት ጠቅልለህ ያመጣኸው ዕለት ትዝ ይለኛል። የሰናፍጭ ፍሬ እንኳ ከሱ ይበልጣል። ጓሯችን ውስጥ ከነጭ ሽንኩርቱ አጠገብ ዘራኸው። ነጭና ቢጫ ሆኖ ሲያብብ ጎረቤቶቹ “የኬሚስትሪው አስተማሪ አረም ይኮተኩታል” ብለው ሳቁብህ። አንተም አብረሃቸው ሳቅህ፤ እንቅልፍ ላጣው፣ ሆዱን ለነፋው ሁሉ ግን እያፈላህ ሰጠህ። አንድ ቀን አበባውን መዳፌ ላይ አድርገህ፣ በእንፋሎት ቢጣራ ዘይቱ ሰማያዊ ሆኖ እንደሚወጣ ነገርኸኝ። “ካላየሁ አላምንም” አልኩህ። “እውነትሽን ነው፣ መታየት አለበት” አልኸኝ። ትምህርት ቤቱ ግን ለዚያ የሚሆን ዕቃ አልነበረውም። ቀጥሎ ሕመሙ መጣብህ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ አበባ ማን ያወራል?

አማካሪዬ ርዕሱን ስነግረው ብዙም ደስ አላለው። “ካሞሚል በሌላው አገር ተደጋግሞ የተጠና ነው፤ አንቺ ምን ትጨምሪበታለሽ?” አለኝ። በጋይንትና በስማዳ ብርድ የበቀለው ምን ምን ንጥረ ነገር እንደያዘ የለካ ሰው እንደማላውቅ ነገርኩት። “በይ ሞክሪ። ግን መጀመሪያ አበባው ራሱ ካሞሚል መሆኑን አረጋግጪ፤ የሚመስሉት አረሞች አሉ” አለኝ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ያልነገርኩህ አለ፤ እናትህ እማማ ዘርፌ ከአርባህ በኋላ ከጓሯችን ዘር ለቅመው ወስደው ወገዳ ባለው የገብስ ማሳቸው ዳር ዘርተውታል። “የልጄ አበባ” ነው የሚሉት። ከእሳቸው ደግሞ የመንደሩ ሴቶች ወስደው ዘሩ። ሻይ የሚያሽጉ ነጋዴዎችም፣ ምርመራ ካለፈ ከእናንተ እንገዛለን ብለዋቸዋል። አረም ሆኖ ቢገኝ ለእማማ ዘርፌ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?

መጀመሪያ የመረመርኩት አንተ በሕይወት ሳለህ አድርቀህ በከረጢት ያስቀመጥኸውን ነው። ልነካው እየሳሳሁ ቆይቼ ነበር። እንፋሎቱ ወጣ፣ ውሃው ተጣራ፤ የወጣው ግን ቡናማ ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ ነው። ሰማያዊ የሚባል የለበትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አማካሪዬ መጥቶ አየና፣ አበባው ከመጠን በላይ ስለቆየ ይሆናል፣ አዲስ አምጪ አለኝ።

ወደ ወገዳ ሄድኩ። መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ሚኒባሱ አጥንቴን ሲያንገጫግጨው ዋለ። በማግሥቱ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ከእናትህ ጋር አበባ ስንለቅም አረፈድን። እሳቸው አጎንብሰው እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ፣ “ልጄ፣ አረም ከሆነ ንገሪኝ፣ እንዳትደብቂኝ። ለሰዎቹ እኔው እነግራቸዋለሁ። የራሴን ግን አልነቅለውም” አሉኝ። አበባውን ጥላ ላይ አድርቀን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ ተመለስኩ።

አስሜ፣ ያን ቀን አጠገቤ ብትሆን! አበባውን ከውሃ ጋር ማጣሪያው ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ እሳቱን ለኮስኩ። እንፋሎቱ በቱቦው ወጥቶ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የወረደው ውሃ ብቻ ነበር። ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ። ቆይቶ ውሃው ላይ ስስ ነገር መንሳፈፍ ጀመረ፤ ከላይ ላዩ እየተጠራቀመ ሲሄድ ቀለሙ ጎላ። ሰማያዊ ነው። ልክ የተማሪ ብዕር ቀለም! ዓይኔን ስላላመንኩት የላቦራቶሪውን ሠራተኛ ጠርቼ “ምን ዓይነት ቀለም ይታይሻል?” አልኳት። “ሰማያዊ ነዋ፣ ምን ሆነሻል?” አለችኝ። እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ።

ቀጥዬ በአልኮል የዘፈዘፍኩትን አበባ ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ ወደሚያሳየው የክሮማቶግራፊ መሣሪያ ወሰድኩ። አፒጀኒን የሚባለው ከካሞሚል ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። በመጀመሪያ ንጹሑን አፒጀኒን ስጨምር መሣሪያው ስክሪኑ ላይ አንድ ሹል ጫፍ ሣለ። ያንተን አበባ ስጨምር ብዙ ጫፎች ወጡ፤ አንዱ ግን ልክ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ደገምኩት፣ ያው ነው። አማካሪዬ ያተምኳቸውን ሁለቱን ወረቀቶች ደራርቦ ወደ መስኮቱ አነሣና “አሁን የምትጽፊው ነገር አለሽ” አለኝ።

በእርግጥ ይህ አበባው ምን እንደያዘ እንጂ ምን እንደሚፈውስ አይናገርም። በረቂቅ ተሐዋስያን ላይ ያለውን ኃይል ገና እፈትናለሁ። አንተም ብትሆን ከዚህ አልፌ እንድናገር አትፈቅድልኝም ነበር።

ለእናትህ ደወልኩላቸው። “እማማ፣ ካሞሚል ነው” አልኳቸው። ቃሌን ሳልጨርስ እልልታቸው ጆሮዬን ሰነጠቀው፤ አጠገባቸው የነበሩት ሴቶችም ተቀበሏቸው። ስላንተ ካለቀሱ ወዲህ ድምፃቸውን እንዲህ ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

ሰው ሁሉ ጊዜ ያስረሳል ሲለኝ፣ ደስ የሚል ቀን ከመጣ ከእኔ ትርቃለህ ብዬ እሰጋ ነበር። ሰማያዊውን ሳይ ግን ከማንም በፊት ዞሬ የፈለግሁት አንተን ነው። ስለዚህ ቃል እገባልሃለሁ፤ በሙት ዓመትህና በዝክርህ ብቻ አላስብህም። ሕሊና ክፍሏን ስታልፍ፣ እናትህ ምርታቸውን ሲሰበስቡ፣ እኔም ስመረቅ፣ ቤታችን ሳቅ በተሰማ ቁጥር ስምህን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።

ነፍስህን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ።

ያንተው ብርቱካን