እማዬና የፀሐዩ ምድጃ

ለውድ ወንድሜ ለበየነ፤

እንዴት ከርመሃል? ሰውነትህስ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት አላደከመህም ወይ? ባቡር ጣቢያውስ ሥራው እንዴት ይዞሃል? አሰገደች ከአራስነት ከተነሣች ወዲህ ጠናች ወይ? ሕፃኑስ ወፈረ? እኛም እንደ ወጉ «ሁላችን ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልህ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እኔና ባለቤቴ ሀይሉ ጤና ነን፤ የፈጠረን ይመስገን። የእማዬን ነገር ግን ከሥሩ ጀምሬ ላጫውትህ።

ባለፈው ደብዳቤህ፣ ሀይሉ በፀሐይ የሚያበስል ሣጥን ሠራ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለህ ስቀህብናል። እውነት ነው። የእማዬን ሳል ታውቀዋለህ። ከጥምቀት በፊት ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ ከጭስ ካልራቀች መድኃኒቱ ብቻውን አይረዳትም አለን። በዚያው ሰሞን ደግሞ ወደ ጫካው መውጣት ተከለከለ፤ ምክንያቱን አንተም ሰምተሃል፣ በወረቀት አላበዛውም። እንጨት ተሸክመው ይመጡ የነበሩት ሴቶች ቀሩና ከተማው ሁሉ ኩበት ማንደድ ጀመረ። እማዬ ግድግዳ ተደግፋ ስትስል ሳይ የማደርገው ይጠፋኝ ነበር።

ሀይሉ ትምህርት ቤቱ ወንበር ሊጠግን ሄዶ፣ ሕንዳዊው የሳይንስ አስተማሪ በመስተዋት በተከደነ ሣጥን ውኃ ሲያሞቅ ያያል። ቤት ሲመጣ ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ ሳንቃ ይመርጥ ጀመር። የሻይ ቅጠል የሚመጣበትን ሣጥን ከሌላ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ከተተና በመካከላቸው የበግ ጠጉር ጠቀጠቀ፤ ጠጉሩን የሰጠችን ጎረቤታችን ጁሀራ ናት። ውስጡን በዘይት ቆርቆሮ ለብጦ ጥላሸት ቀባው፤ ላዩን ከአሮጌ መስኮት በወጣ መስተዋት ገጠመው። ፀሐይዋን ወደ ውስጥ እንዲመልስ ክዳኑ ላይ ከሲጃራ ፓኮ የተለቀመ ብርማ ወረቀት ለጠፈበት። ሠፈሩ ሀይሉ አበደ አለ።

እማዬም መጀመሪያ፣ እሳት ያልነካውን አልቀምስም ብላ እምቢ አለች። ጁሀራ በሣጥኑ የበሰለውን ድንች በፊቷ እየበላች፣ እናቴ ለማለት እንደ ልማዷ «አዮ፣ ይቅመሱት፣ አፍ ላይ ይሟሟል» ብትላት ነው እጇን የሰደደችው። ከዚያ ወዲያማ ምድጃው የእሷ ሆነ። በርጩማዋን አስጠግታ፣ ጥላውን እያየች ስታዞረው ትውላለች። ባቄላውን፣ ምስሩን፣ የጾሙን ወጥ ሁሉ እሷ ታበስላለች። እንጀራውን እኔ ጁሀራ ቤት እየሄድኩ ስለምጋግር ቤታችን ከጭስ ተገላገለ። ሳሏ ቀለል አለ፣ ፊቷም መለስ አለ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ስታንጎራጉር የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

ምን ያደርጋል፣ በልጉ ገባ። የጎባ በልግ ምን እንደሚመስል መቼም አትረሳውም፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃፋችን ላይ ተኝቶ ይውላል። ሣጥኑ ጥግ ተቀመጠ፣ እኛም ወደ ኩበቱ ተመለስን። ሳሏ ተነሣባት። ከሳሉ ይልቅ ግን ሥራ መፍታቷ የጎዳት ይመስለኛል፤ በየጧቱ በር ላይ ቆማ ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ፀሐይ ወጣች። ሀይሉ ለሥራ ሮቤ ሄዶ ነበር፣ እኔም ገበያ ነበርኩ። እማዬ፣ ስንመለስ ትኩስ ነገር እንድናገኝ ብላ፣ ሣጥኑን እየጎተተች አውጥታ ምስር ጣደች። ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ መጣ። መስተዋቱ ቢሰበር ሌላ እንደማይገኝ ታውቃለች። ሣጥኑን ልታስገባው ብትታገል አቃታት። ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችው፤ ያም አልበቃ ቢላት በላዩ ተደፋችበት። ጁሀራ ከደጇ ሆና «አዮ፣ ይግቡ! ኧረ ይግቡ!» እያለች ብትጮኽ፣ «መስተዋቱ! መስተዋቱ!» ከማለት በቀር አልሰማቻትም። ጁሀራ ራሷ ሮጣ ደርሳ አቅፋ አስገባቻት። እኔ ስደርስ ጀርባዋ በረዶው የመታው ሁሉ በልዞ፣ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። «መስተዋቱ ደህና ነው?» አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። ደህናም ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋ ላይ ናት። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው ብሎ መርፌ አዘዘላት፤ ትኩሳቱ በረድ ብሎ እንደገና ተነሣ። ይህን ስጽፍ ትንፋሿ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማኛል። ሀይሉ፣ ምነው እጄን በቆረጠው ኖሮ እያለ ራሱን ይወቅሳል። ሣጥኑን ልሰብረው ነው ብሎ መጥረቢያ ሲያነሣ ሰማችውና፣ ከአልጋዋ ሆና፣ «ተው ልጄ፤ በዕድሜዬ ሳልስል ያበሰልኩት በእሱ ብቻ ነው» አለችው። መጥረቢያውን ጥሎ ወጣ። ከጓሮ ሲያለቅስ ሰማሁት።

ልጽፍልህ መሆኑን ስነግራት፣ «ደህና ናት በይው፤ ልጅ የታቀፈ ሰው ነው፣ መንገዱም አያስተማምን» አለችኝ። እሺ ብያታለሁ። አንተ ግን ፈቃድ ጠይቅና ና። ትኩሳቱ ሲበረታባት የምትጠራው ያንተን ስም ነው። ነገ ዛሬ አትበል፣ ወንድሜ፤ ድምፅህን መለየት ሳያቅታት ድረስላት።

አሰገደችን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ብቻዋን ትቻት እንዴት ልሂድ እንዳትል አደራ በላት። ሕፃኑን አንድ ጊዜ ስለ እኔ፣ አንድ ጊዜ ስለ እማዬ ሳመው። አከራያችሁን እመት ወለተ ማርያምን እጅ ነሥታለች በልልኝ። ሀይሉ ሰላም ይልሃል። ጁሀራና ባሏ ጀሊልም ሰላም ብለውሃል፤ ለእማዬ ዱዓ ያደርጋሉ።

ዓይን ዓይንህን የምትናፍቅ እህትህ
ማናልበሽ

ጎባ፣ ባሌ
ግንቦት ፫ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.