ያልቀመሰችው ተምር

አባዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ቀብርህን ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸን ይኸው አምስተኛው ረመዳን ገባ። ሰው ሁሉ አንቱ ሲልህ እኔ ብቻ አንተ እያልኩህ ነው ያደግኩት። እማ ስትቆጣኝ «ተያት» ትላት ነበር። ስለዚህ ዛሬም በለመድኩት እጽፍልሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማ ኮምቦልቻ እኛ ጋ ገብታለች። ገባች ማለት ግን ስሙ ነው፤ በየሳምንቱ የላሟን ነገር ልይ ብላ ደጋን ወደ ቤታችሁ ትሄዳለች። ቀይዋ ላም ካንተ ወዲህ ሁለቴ ወልዳለች። የቤቱ ቆርቆሮ ተቀይሯል፣ ደጅ ላይ የምትቀመጥባት ድንጋይ ግን ካለችበት አልተነሳችም። ባለቤቴ ከድር አሁንም ፋብሪካ ነው፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ ብታየው ሳትቀልድበት አታልፍም። ሰሚራ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። ግቢውን ስታምሰው ላየ ሰው፣ አንድ ኪሎ ከምናምን ሆና ተወለደች ብንለው አያምነንም።

ረመዳን ሲገባ ገበያው ተምር በተምር ይሆናል፤ እኔም ባየሁ ቁጥር አንተ ትመጣብኛለህ። በሰፈራችን ልጅ በተወለደ ቁጥር የሚጠሩት አንተን ነበር። እኔ ሳህኗን ይዤ እከተልሃለሁ። ተምሩን በአውራ ጣት ጥፍርህ ለሁለት ትከፍለዋለህ፣ ትል እንዳይኖረው ወደ ብርሃን አንስተህ ታየዋለህ፣ ትልቁን ግማሽ ለእኔ ትሰጠኛለህ። ትንሹን አላምጠህ፣ ቢስሚላህ ብለህ፣ የሕፃኑን ላንቃ በጣትህ ታሸዋለህ። የውስጡን ፍሬ አትጥልም፤ ኮትህ ኪስ ውስጥ ትከተዋለህ። እማ ልብስህን ባጠበች ቁጥር ይህ ሰውዬ ኪሱ ውስጥ ተምር ሊያበቅል ነው እያለች ታጉረመርም ነበር። ልጅ ተምር ባቀመሰው ሰው ይወጣል ይላሉ። የደጋን ልጆች ግማሾቹ ባንተ ቢወጡ ኖሮ አገሩ ምንኛ ጸጥ ባለ!

የኔ ልጅ ግን ተምርህን አልቀመሰችም።

ወሯ ሳይሞላ ደሴ ተወለደችና ማሞቂያ ውስጥ ገባች። ሐኪሟ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አንጀት ገና ስስ እንደሆነ፣ መጥፎ ጀርም ከቀደመበት እንደሚቆስል ነገረችን። ከእናት ወተት በቀር ምንም ነገር አፏ እንዳይደርስ አስጠነቀቀችን። በዚያው ሳምንት አጠገባችን የነበረው ሕፃን ሆዱ ተነፋ፤ ረፋዱ ላይ እናቱ ባዶ ፎጣ ታቅፋ ወጣች። አንተ የደወልከው በማግስቱ ነው። ተምሩን መርጫለሁ፣ እየመጣሁ ነው አልከኝ።

አባዬ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሲስተሯ በሩ ላይ ያስቆመችህ እኔ ነግሬያት ነው። ያን ሰሞን ያስልህ ነበር፣ እኔ ደግሞ ያቺ ባዶ ፎጣ ከዓይኔ አልጠፋ አለችኝ። መከልከሉስ ልክ ነበር። ነገር ግን ራሴ ወጥቼ፣ እጅህን ይዤ ልነግርህ ሲገባኝ፣ በሰው ፊት በማታውቃት ልጅ አስመለስኩህ። የሐረጎን ዳገት በዚያ ብርድ ወጥተህ፣ የታጠበ ኮትህን ለብሰህ ነበር የመጣኸው። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ አየሁህ። መሀረቡን ፈትተህ ተምሮቹን አየት አደረግካቸውና መልሰህ ቋጠርካቸው። ሲስተሯን መርቀህ ሄድክ።

ተቀይመህ ትቀራለህ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ተመልሰህ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥክ። ያን ዕለት ሐኪሟ የጠብታ መድኃኒት ይዛ መጣች። ውስጡ ሕይወት ያላቸው ደግ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ከወተቷ ጋር በቀን አንዴ ይሰጣታል፣ መጥፎዎቹ አንጀቷን ሳይወርሱት እነዚህ ቀድመው ይሰፍራሉ አለችን። አልደበቀችንም፤ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይደለም፣ አልፎ አልፎም ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፣ ሐኪሞችም ገና ይከራከሩበታል ብላ ፈቃዳችንን ጠየቀች። ከድር በገዛ እጄ ጀርም ላጠጣት ወይ ብሎ እምቢ አለ። እኔም ፈራሁ፣ መለስ አልኩና አንተን አየሁህ።

አንተ ሐኪሟን ስለ ቅል ጠየቅካት። ወተት በአዲስ ቅል ስናረጋ ጎረቤት ሄደን አንድ ጭልፋ ጥሩ እርጎ የምንለምነው ለዚህ አይደለም ወይ አልካት። ሳቀችና አዎ አለችህ፤ ግን ከማንም ቅል አይሆንም አለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞርክ።

«የኔ አፍ ያረጀ ነው፣ ምን እንደያዘ አላህ ነው የሚያውቀው። ይሄ ግን ተመርጦ የመጣ ነው። ቢስሚላህ በሉና ስጧት።»

የራሱን ተምር ይዞ ከደጅ የተመለሰ ሰው እንዲህ ሲል ስሰማ ያኔውኑ ልነግርህ ነበር። አፈርኩ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ቀኑ ሄደ። ሰሚራ ጠብታውን ወሰደች። ወተቱ ይሁን፣ ጠብታው ይሁን፣ ዱዓህ ይሁን እኔ አላውቅም፤ ብቻ ሆዷ ሳይነፋ ከረመች። ሳሉ ግን አንተን አልለቀቀህም። በተቀበርክ ቀን ሰሚራ ለሙቀት ደረቴ ላይ ታስራ ነበር፣ ልፈታት አልቻልኩም። ደጋን አንተን ሲያወርዱህ እኔ ደሴ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን እቆጥር ነበር።

ዘንድሮ መቻል አቃተኝና ለእማ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ስል ሳቀችብኝ። መስታወቱ ጀርባ አይተኸኝ ኖሯል! ያን ዕለት ቤት ስትገባ እየሳቅክ «ልጅሽ በሲስተር አስመለሰችኝ፤ በቃ፣ እናት ሆናለች» አልካት አሉ። አምስት ዓመት ሙሉ ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ ብላት፣ መቼ ጠየቅሽኝ አለችኝ። እሷን ታውቃታለህ። እኔ ግን አንተው ራስህ አፉ በለኝ፣ አባዬ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሰሚራ ስታጠፋም ሆነ ጥሩ ነገር ስትናገር፣ ሰው ተምር ማን ነው ያቀመሳት ይለኛል። ማንም አላቀመሳት እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። ባለፈው ጁምዓ ቀሚሷን ልነክር ስል ኪሷ ከበደኝ። እጄን ብሰድ ሦስት የተምር ፍሬ አገኘሁ፣ ተልሰው የደረቁ። ለምን አልጣልሻቸውም ብላት ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። ስላንተ ኪስ ማንም ነግሯት አያውቅም፤ እማንም ጠይቄያታለሁ። እማ ፍሬዎቹን ከእጄ ተቀብላ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸውና፣ ማጉረምረሟን ረስታ አለቀሰች።

ፍሬዎቹን አልጣልኳቸውም፤ አንተንም በየረመዳኑ ብቻ አይደለም የማስታውስህ። ከእንግዲህ ተምር ማን አቀመሳት ሲሉኝ፣ አባቴ ነው የምላቸው።