ቀኑን ወደ ኋላ ለመለሱልን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

እንዴት ከርመዋል? ጤናዎ፣ ወንበርዎ፣ ስብሰባዎ ደህና ነው? እኔ ከግራ ዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ። የምላትን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እሷም እንደ እርስዎ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ከእርስዎ የምትለየው ስለምትሠራ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ሰው ሁሉ አብሮኝ እንዲያመሰግንዎ ብዬ ነው።

፩. ባለፈው ማክሰኞ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ለዓይኔ ቀዶ ሕክምና የሆስፒታል ቀጠሮ አትማ ሰጠችኝ። እኔና ፊደል ብዙም ስለማንግባባ አምኜ አጥፌ ያዝኩና ልጅቷ በነገረችኝ ቀን ሁለት መኪና ቀያይሬ ሄድኩ። የበሩ ጥበቃ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ፣ “እማማ፣ ይሄ ቀጠሮ ካለፈ እኮ ዓመት ሆነው፤ የት ቆይተው ነው?” አለኝ። እኔም እግሬ ቀርፋፋ ነው አልኩት።

፪. የልጅ ልጄ ነገሩ አልዋጥላት ብሎ ጣቢያው ድረስ አብራኝ መጣች። የመዝገብ ቤቷም ልጅ መሯት ስለነበረ ወንበሯን ለቀቀችላት። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጥቁር መስኮት ከፍታ አንድ ሁለት መስመር ትእዛዝ ብትጽፍ፣ ማሽኑ የተጫኑበትን የደህንነት ምስክር ወረቀቶች ሁሉ ከነማብቂያ ቀናቸው ዘረገፈው። የሆስፒታሉን ኮምፒውተር የሚያውቅበት ወረቀት ካበቃ አስራ አንድ ወሩ። እንደ መታወቂያ ነው አለችኝ፤ ካልታደሰ ማሽኑ ሆስፒታሉን አላውቅህም ይላል። እርስዎ ግን ከማደስ ይልቅ የማሽኑን ቀን በአንድ ዓመት ወደ ኋላ መለሱት። ማሽኑ ተታለለ፣ የእኔም ቀጠሮ አምና ላይ አረፈ።

፫. በአንድ ዓመት ልጅ ስላደረጉኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጉልበቴ ግን እስካሁን አልሰማም።

፬. ሐኪሙ በሁለት ወር ውስጥ ካልተሠራ ዓይንሽ አይመለስም ብሎኛል። እሱ ደግሞ የሚቆጥረው በዘንድሮ ነው።

የልጅ ልጄ አዲሱን ወረቀት ለመጫን ሩብ ሰዓት ይበቃል ትላለች። የይለፍ ቃሉ እርስዎ ጋ ነው፣ እርስዎ ስብሰባ ጋ ነዎት። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም በርዎ ላይ ነን፤ ወንበር አያስቡልን፣ ይዘን እንመጣለን።

በቀረቻት አንድ ዓይን አክብራ የምታይዎ፣
ካርድ ቁጥሯን እንጂ መልኳን የማያውቁት አያት

ማስታወሻ፦ የጎረቤቴ ምራት ባለፈው ሳምንት ወልዳለች። በእርስዎ ማሽን ካርድ መሠረት ልጁ የተወለደው ከእናቱ ሠርግ አንድ ወር ቀድሞ ነው። አማቷ ሰኞ አብረውን ይመጣሉ፤ እሳቸው እንደ እኔ ደብዳቤ አይጽፉም።