ተሳታፊ ሰባት እና ኖርካ ኩቲፓ አንድ ሰው ስለመሆናቸው

ለክቡር ዶክተር ኤቫሪስቶ ባልካርሴል
የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣ ብርዱ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የሚነሳው ንፋስም ባርኔጣዎን ሳይወስድብዎት ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎት እመኛለሁ። እኔ ፔላጊያ ቲኮና እባላለሁ፤ ከዩኒቨርሲቲዎ የኋላ በር ፊት ለፊት ለአራት የገጠር ተማሪዎች ክፍል አከራይቼ፣ ሾርባቸውንም እየሠራሁ የምኖር፣ ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ። ነጥብና ሰረዝ ካጎደልኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ከምስጋናዬ ግን አንድም አልጎደለም።

አንደኛ፣ ስለ እኛ አብዝተው ስለሚያስቡ አመሰግናለሁ። ዘንድሮ ብቻ «ከልዩ ልዩ ማኅበረሰብ የመጡ ተማሪዎች የኮሌጅ ሕይወት» የሚል ወረቀት የያዙ አሥራ አንድ የማስተርስ ተማሪዎችዎ በሬን አንኳኩተዋል። አንደኛዋ ምድጃዬ ሥር ተቀምጣ፣ ከሐትካታ መንደር የመጣችውን ተከራዬን ኖርካ ኩቲፓን «በዚህ ከተማ ውስጥ አሁን ምን ይሰማሻል?» ብትላት፣ ኖርካ «ራበኝ» አለቻት፤ ይህም «የኢኮኖሚ መገለል» ተብሎ ተጻፈ። ክቡር ሆይ፣ ሾርባው የዘገየው ተመራማሪዋ ድስት የማወርድበት ቦታ ላይ ስለተቀመጠች ነው።

ሁለተኛው ግን ሳቅ የለበትም፤ ወይም ትንሽ ነው ያለበት። ባለፈው ሐምሌ ጎንሳሎ ኡርቴጋ የሚባል የዋና ከተማው የሊማ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እናቱ ትባረክ፣ «የደጋ ልጃገረዶች ለምን ትምህርት ያቋርጣሉ?» የሚል ጥናቱን ይዞ መጣ። መምህሩ «ከደጋ ሰው ጋር ልታወራ የኮካ ቅጠል ሳትይዝ እንዳትሄድ» ብለውት ኖሮ፣ ቅጠሉን በሁለት እጁ ለኖርካ አቀረበላት። ወጋችንን መማሩ ደስ ይላል፤ ጉዱ ግማሹን ብቻ ተምሮ መምጣቱ ነው። በእኛ ዘንድ ቅጠል የተቀበለ ሰው፣ ያመጣው ሳይነሳ አይነሳም፤ ነውር ነው። እሱ ደግሞ ተጠያቂዋ «ጨረስኩ» ሳትል መነሳት ነውር ነው ተብሎ ተምሯል። እሷ እሱ እስኪነሳ፣ እሱ እሷ እስክትጨርስ፣ ሁለት የጨዋ ልጆች በይሉኝታ ታስረው ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተፋጠጡ። የስታትስቲክስ ማጠቃለያ ፈተና የነበረው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ከገበያ ስመለስ «አንቺ ልጅ፣ ፈተናሽስ?» ብዬ ብጮህ፣ «እትዬ ፔላ፣ እንግዳው አልተነሳም እኮ!» አለችኝ፤ እሱም ደንግጦ «እኔ እኮ ገና ልትናገር ነው ብዬ ነው!» አለ።

ያ ቀን በጥናቱ ገጽ ዘጠና ሦስት ላይ «ተሳታፊ ሰባት፦ ረጅም ዝምታ፤ የዘመናት ቁስል» ተብሎ ሰፍሯል። ልጅቷ የግድግዳዬን ሰዓት እያየች ነበር። ጥናቱ «እጅግ በጣም ጥሩ» እንዳገኘ ሰምተናል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሦስተኛ፣ አራተኛም ሊሆን ይችላል፣ ቆጠራው ጠፋብኝ፣ ኖርካ ይህን የስታትስቲክስ ትምህርት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወድቃለች። እውነት ነው፤ ቁጥር ይከብዳታል፤ ዘንድሮ ግን አጥንታ ነበር። አሁን «ከፈተናው ቀርታለች» ከተባለ ሦስተኛ ውድቀት ሆኖ ይቆጠርና በደንቡ መሠረት ለአንድ ዓመት ትወጣለች፤ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴም አርብ ይወስናል። ለአንድ ዓመት ብለው ከቤቴ የወጡ ሦስት ልጆች ሸኝቻለሁ፤ አንዷም ተመልሳ አልመጣችም።

የሬጅስትራር ጸሐፊዋ «ታመሽ ነበር ወይስ ሰው ሞቶብሽ?» ብትላት፣ ኖርካ «አይ፣ እየተጠናሁ ነበር» አለቻት። «እሱ ቅጹ ላይ የለም፣ እህቴ» ተባለች። ጎንሳሎም ጽድቅ ይቆጠርለትና፣ ቀንና ሰዓት ያለበትን የቃለ መጠይቁን የድምፅ ቅጂ ላቅርብላት ብሎ ቢሮዎን ቢለምን፣ የተሳታፊ ማንነት ምስጢር ነው ተብሎ ተከለከለ። ራሷ ሄዳ «ስሜን ንገሩልኝ፣ ፈቅጃለሁ!» ብትል ደግሞ «ተሳታፊ ሰባት አንቺ መሆንሽን በምን እናውቃለን?» አሏት። እንግዲህ ተሳታፊ ሰባት ማስረጃ አላት፣ ፈተና ግን የለባትም፤ ኖርካ ፈተና አለባት፣ ማስረጃ ግን የላትም። ምስጢር እንዲህ ሲጠበቅ አይቼ አላውቅም፤ ከባለቤቱ እንኳ ተጠብቋል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ እስከ ሐሙስ ድረስ ሁለቱ ሴቶች አንድ መሆናቸውን በማኅተምዎ አረጋግጠው፣ ልጅቷ ለፈተናው እንድትቀመጥ ቢያደርጉልኝ ውለታዎን አልረሳም። የምትወድቅም ከሆነ ተፈትና ትውደቅ።

የትልቁ ቢሮዎ ትንሽ ጎረቤት፣ ለጥናትዎ ወንበርና ጠረጴዛ ያላጎደልኩ፣
ፔላጊያ ቲኮና

ግልባጭ፦
ለስታትስቲክስ መምህሩ
ለገበያው ሬዲዮ
ለዩኒቨርሲቲው የኋላ በር (እኔው ራሴ ለጥፌዋለሁ)

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ አርብ ዕለት ኖርካን ካስወጧት፣ ለምን ትምህርቷን እንዳቋረጠች የሚጠይቅ ሰው በመላክ እንዳይደክሙ አደራ። ምክንያቱ በእርስዎው መደርደሪያ ላይ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ ተቀምጧል፤ ገጽ ዘጠና ሦስት ነው።