ለወፍ የሚተወው አገዳ

ለተከበሩ የምርምር በጀት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ማኅተምዎም ቀለም የማያጣ ይሁን እያልሁ፣ ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው የማሽላ ምርምር ጣቢያ በአክብሮት እጅ እነሳለሁ። ጣቢያ ስል አንድ ክፍል፣ አንድ ሚዛንና እኔን ማለቴ ነው።

በግንቦት ወር ወልድያ ላይ ባዘጋጁት የሁለት ቀን የምክክር መድረክ፣ አገራችን ከጠቅላላ ምርቷ አንድ ከመቶውን ለምርምር ማዋል እንዳለባት፣ የምታውለው ግን ከዚያ እጅግ እንደሚያንስ በሚገባ ስላስረዱን አመሰግናለሁ። ይህንኑ ለእትዬ ሀስና ብነግራቸው፣ እሳቸው ከመቶ አገዳ አንዱን ለወፍ እንደሚተዉ ገልጸው፣ ከወፍ በታች በመዋሌ ከልባቸው አዘኑልኝ። እትዬ ሀስና አቀንጭራ የሚባለው አረም ማሽላቸውን ከሥሩ እየመጠጠ ያስቸገራቸው የግራና ገበሬ ናቸው። አረሙን ይቋቋማል ያልሁትን ዘር እንድሞክርበት ግማሽ ጥማድ መሬት በአማና፣ በአደራ ሰጥተውኝ፣ መሬቱ አንድ ክረምት ሙሉ ጦሙን አድሯል።

ቅሬታዬም ይህ ነው፦

1ኛ. ለሰኔ የጠየቅሁት የመዝሪያ በጀት በታኅሣሥ ተፈቀደ፤ ዝናቡ ግን ደብዳቤዎን አልጠበቀም። ገንዘቡ ተመላሽ ከመሆኑ በፊት ማለቅ ስለነበረበት ከላይ ላመሰገንሁት መድረክ ዋለ። ምሳው ጥሩ ነበር።

2ኛ. በጀት ዳግመኛ ብጠይቅ «ሥራው ገና ስላልተጀመረ» ተብዬ ተከለከልሁ። ዘሩን ይዤ ሌላ ቦታ ልሥራ ብዬ መልቀቂያ ብጠይቅ ደግሞ፣ መሥሪያ ቤትዎ ስላስተማረኝ የፈረምሁት የአምስት ዓመት የአገልግሎት ግዴታ ተጠቅሶ «ሥራው በእርስዎ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ» ተባልሁ። ሁለቱ ደብዳቤዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ማኅተም ስለደረሱኝ ግድግዳዬ ላይ ጎን ለጎን ለጥፌአቸዋለሁ። በአንዱ ልወጣ ስል ሌላው ይዘጋብኛል።

3ኛ. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ኀፍረት ነው። ያልተዘራ ዘር ይሞታል፤ ዘንድሮ ስፈትሸው ከመቶ ፍሬ የበቀለው አርባ አንዱ ብቻ ነበር። በባጃጅ በእትዬ ሀስና ደጅ ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። ታፍኛለሁ፣ ክቡርነትዎ።

በሰኔ መጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ አላህ ዝናቡን ሲያወርድ የማንንም ማኅተም እንደማይጠይቅ ነግረውኝ፣ የቀረውን ዘር ከነጣሳው ይዘው ሄዱና ዘሩት። ግማሹ ቀረ፣ ግማሹ በቀለ፤ በበቀለው ሥር እስከ ዛሬ አቀንጭራ አልታየም። ያለ በጀት የበቀለ ማሽላ በየትኛው ቅጽ ሪፖርት እንደሚደረግ መመሪያ ቢሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም።

ለሰጡኝ ማዕረግ፣ ለከለከሉኝ ሥራና ላልፈቀዱልኝ ስንብት ከወገቤ ዝቅ ብዬ የማመሰግን፣ የማልሠራም የማልሄድም ታዛዥዎ፣
አማን ሚስባህ
የማሽላ ተመራማሪ

ግልባጭ፦ ለግድግዳዬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመድረኩ የተረፈውን «አንድ ከመቶ ለምርምር» የሚል ባነር እትዬ ሀስና ወስደው ወፍ እንዲያባርርላቸው ማሽላው መሃል ሰቅለውታል። ከበጀትዎ ማሳ የደረሰው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። እኔም ከሥራ ሰዓት በኋላ ከጎኑ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ መልቀቂያ የሌለን ሁለታችን ነን። ወፎቹ ግን አንድ ከመቶአቸውን ሳይጓደል፣ በወቅቱ ተቀብለዋል።