አባቴ የታረቁልኝ አደጋ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፣ ለወፍጮ ቤቱ የቀድሞ ሚዛን ጠባቂ፣ ለሰፈሩም ሹመት አልባ አስታራቂ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሆነ? ብርድ ሲመጣ የሚነዝርዎት የግራ ትከሻዎስ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እህል ይበላልዎታል? ጓሮዎስ እንዴት ነው? ስለ ጓሮው የምጠይቀው በምክንያት ነው። ባለፉት ሁለት ወራት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደውዬ አሥራ ዘጠኙንም ጊዜ «አባባ ጓሮ ናቸው» ተብያለሁ። እኔ ከቤት ስወጣ ያ ጓሮ ሁለት መደብ ጎመንና አንድ የሎሚ ዛፍ ብቻ ነበረው። አሁን ሰው ገብቶ የማይወጣበት እርሻ ሆኖ ከሆነ እግዚአብሔር ምርቱን ይባርክልዎ። እኔ ግን ድምፅዎን ስላጣሁ ወረቀት ለማበላሸት ተገድጃለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ከወገቤ በላይ ማለቴ ነው። ከወገቤ በታች ያለውን ጉዳይ ፍርድ ቤት ይዞታል።

አደጋውን ያውቁታል፤ ግን እርስዎ የፈረሙበት ወረቀትና እኔ ላይ የደረሰው ነገር ስላልተገናኙ እንደገና ልንገርዎ። ያን ቀን ጠዋት የመስታወት ቤቱ ባለቤት የአንድ ሱቅ መስኮት ለክተህ ና ብሎ ላከኝ። ሜትሬን ኪሴ ከትቼ፣ ሄልሜቴን አጥልቄ በሞተሬ ወጣሁ። የራሴን መስመር ይዤ በዋናው መንገድ ስሄድ አንድ ነጭ ፒካፕ ከመጋዘን በር ግራ ቀኙን ሳያይ ወጥቶ ጎኔን መታኝ። ትራፊክ ፖሊሱ ለክቶ፣ ስሎ፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የፒካፑ ነው ብሎ ጻፈ። የእርስዎ ወረቀት ግን «በሁለቱ ልጆች መካከል በአጋጣሚ የተፈጠረ መጋጨት» ይላል። ሁለቱ ልጆች የተባልነው እኔና ሦስት መጋዘን ያለው የሴራሚክ ነጋዴ ነን። ተጋጩ መባላችንም ሐሰት አይደለም፤ እሱ በመኪናው ተጋጨ፣ እኔ በጉልበቴ።

ሆስፒታል በተኛሁ በሦስተኛው ቀን ነጋዴው አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ መጣ። በማግስቱም መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ የተኛነው አምስት በሽተኞች «ባለ ብርቱካኑ» የሚል ስም አወጣንለት። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ፣ ወንድሜ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ምግብ አልበላልኝ ብሏል ይለኛል። እኔም አሳዘነኝ። እግሬ በጀሶ ታስሮ ተሰቅሎ፣ የገጨኝን ሰውዬ አይዞህ እያልኩ ሳጽናና እውል ነበር።

አንድ ቀን ከብርቱካኑ ጋር ወረቀትም ይዞ መጣ። ለመንጃ ፈቃዴ ጉዳይ ናት፣ እዚህች ጋ ብቻ ፈርምልኝ አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ነበር። ነርሷ ከላዬ ቆማ፣ ሳታነብ ከፈረምክ ይህን መርፌ ክንድህን ትቼ ጭንቅላትህን ነው የምወጋህ አለችኝ። አነበብኩት። «ምንም ዓይነት ካሳ አልጠይቅም» ይላል። መለስኩለት። እሱም ምንም አልተቆጣም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሌላ ብርቱካን እየላጠ ስለ ቤተሰቦቼ ይጠይቀኝ ጀመር።

እዚህ ላይ ሞኝነቴን አልሸሽግም። ነገርኩት። አባቴ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፤ ደጃቸው የመጣ ሰው እስኪቀመጥ አይቀመጡም፤ የሚያስታርቁት ጠብ ሲያጡ በዶሮ የተኮራረፉ ጎረቤታሞች ፈልገው ያስታርቃሉ፤ «አባቴ» ብሎ የጠራቸውን ሰው እንቢ ማለት አይሆንላቸውም ብዬ ደረቴን ነፍቼ አወራሁት። ቤታችን ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ባለ ሰማያዊ በር መሆኑ ሳይቀር ነገርኩት። እሱም በጥሞና ሰማኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ያዳመጠኝ የለም።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ የፒካፑ ኢንሹራንስ ጋ ሄድኩ። የአካል ጉዳት ካሳ ክፍሉ ያለው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ለጥገና ቆሟል። መንገዱ አይጠፋም፣ በየደረጃው ክራንቹን ተደግፎ የሚያለከልክ ሰው ስላለ እሱን እየተከተሉ መውጣት ነው። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ፋይሌን ገለጠና ፊቱ በራ። እንኳን ደስ ያለህ፣ ታርቃችኋል አለኝ። ከማን ጋር አልኩት። እሱን አንተ ነህ የምታውቀው ብሎ ወረቀቱን አዞረልኝ።

ከወረቀቱ ጋር ፎቶግራፍ ተያይዟል። እርስዎ መሃል ቆመዋል፣ አዲስ ጥቁር ካፖርት ለብሰው። ባለ ብርቱካኑ በቀኝዎ በኩል እጅዎን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ሰብሯል። ምስክር ሆነው የፈረሙት አጎቴ በግራ ናቸው። ካፖርቱ ያምርብዎታል። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም፣ የእውነት ያምርብዎታል፣ ትከሻው ልክ ነው። እኔ ልግዛልዎት እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ልክዎን ሳላውቅ ቀረሁ፤ እሱ በአንድ ቀን እንግድነት አወቀው።

ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «እኔ የተጎጂው አባት፣ በልጄ ፈቃድ፣ ልጄም በስልክ በሰጠኝ ቃል መሠረት፣ ማንኛውንም የካሳ ጥያቄ ለዘለቄታው ትቻለሁ» ይላል። ከሥሩ ፊርማዎ አለ፤ ያ ጭራው ሽቅብ የሚወጣው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በወፍጮ ቤቱ ደረሰኝ ላይ የማውቀው። ሌላ ሰው አስመስሎት ቢሆን ብዬ ጭራውን አተኩሬ አየሁት። የእርስዎው ነው። ሠራተኛው ፋይሉ ተዘግቷል አለኝ። ጉልበቴስ አልኩት። ጉልበት በዚህ መስኮት አይስተናገድም አለኝ።

ከዚያ በኋላ በነፃ የምትቆምልኝ ጠበቃ አገኘሁ። ገና ልጅ ናት፤ ምላሷ ግን መስታወት ይቆርጣል። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ሠላሳ አራት አልኳት። እና እስካሁን አባትህ ናቸው የሚፈርሙልህ አለችኝ። ቀጥላም እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የራሱን ጉዳት የሚተወው ራሱ ነው። የሕክምናው ወጪ፣ የቀረበት ሥራ፣ ወደፊትም የሚቀርበት የእሱ መብት ነው፤ አባትም ሆነ አጎት በሰው ጉልበት አይታረቅም። ወረቀቱን ከባድ ያደረገችው «በስልክ በሰጠኝ ቃል» የምትለዋ ናት። ዳኛዋ ያቺን ካመነች አንተም ወደ ቤትህ፣ እኔም ወደ ቤቴ አለችኝ።

ያቺን ስልክ እርስዎም እኔም እናውቃታለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። ከጀርባዎ የማላውቀው ሰው ሲስል ይሰማኝ ነበር። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝና ድምፅዎን ዝግ አድርገው፣ ልጄ፣ በሰውየው ላይ ቂም ይዘሃል ወይ አሉኝ። እኔም አፌ ስለማያርፍ፣ ኧረ የለም አባባ፣ የተሰበረው ጉልበቴ እንጂ ልቤ አይደለም አልኩ። ተባረክ ብለው ዘጉት። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ካሳ አንዲት ቃል አልጠየቁኝም፣ እኔም አልመለስኩም። የሚስለው ባለ ብርቱካኑ መሆኑን፣ ስልኩም ድምፁ ለተቀመጡት ሁሉ እንዲሰማ ተከፍቶ እንደነበር የተረዳሁት ወረቀቱ ግርጌ ምስክሮቹ «በጆሯችን ሰምተናል» ማለታቸውን ሳነብ ነው።

አባባ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስቶ ነው እል ነበር። እርስዎ ግን ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ የቆሙ ሰው ነዎት። ጆንያውን ለብቻ፣ እህሉን ለብቻ መዝነው፣ ገበሬ ቢቆጣ፣ ነጋዴ ቢያባብል አንዲት ግራም የማትነቃነቅልዎ። ቂም ሌላ፣ ካሳ ሌላ መሆኑ ከእርስዎ ተሰውሮ ነው? እኔ ሰውየውን ሳልጠላው ጉልበቴን ያሳክመኝ ማለት እችላለሁ። ብወደውም እንኳ እችላለሁ።

ሐኪሙ ያለኝን እስካሁን ለቤት አልተናገርኩም፤ እማዬ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገልኝ ጉልበቴ እንደተገተረ ይቀራል። የዚያን ሒሳብ መክፈል ያለበት ኢንሹራንሱ ነው፣ እኔ ከደመወዜ አልችለውም። መስታወት ቆራጭ ደግሞ በእጁ ብቻ አይሠራም፤ ትልቅ መስታወት የሚነሳው ሸብረክ ብሎ በጉልበት ነው። አሁን ባለቤቱ አዝኖልኝ ጥግ ላይ አስቀምጦኛል፤ ቀኑን ሙሉ የእጅ መስታወት ጠርዝ እሞርዳለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ የማየው የራሴን ፊት ነው፣ እሱንም በሴቶች ቦርሳ ልክ። ባለቤቱም ቢሆን እንዲህ እያደረገ እስከ መቼ እንደሚያዝንልኝ አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ችሎት ቀረብን። የነጋዴው ጠበቃ ተነሥቶ፣ ይህ ልጅ የመጣው የገዛ አባቱን በአደባባይ ሊያዋርድ ነው አለ። ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ አባትህ ዋሽተዋል ነው የምትለው ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ብል እርስዎ ውሸታም፤ አይደለም ብል እኔ ሽባ። በመጨረሻ፣ እኔ ካሳዬን አልተውኩም፣ በስልክ ምን እንደጠየቁኝ አባቴ ራሳቸው ይናገሩ አልኩ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፤ ለእኔ ይሁን ለእርስዎ አልለየሁትም።

ከችሎት ስንወጣ ባለ ብርቱካኑ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አይዞህ ወንድሜ፣ አባታችን ደህና ናቸው፣ ትናንት አውርተናል አለኝ። አባታችን አለ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደውዬ ጓሮ የነበሩትን ሰው፣ እሱ ትናንት አውርቷቸዋል።

ዳኛዋ እርስዎ ቀርበው ቃልዎ እንዲሰማ አዛለች። መጥሪያው እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ፤ ቀጠሮው ጥቅምት 27 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ለእኔ እንዲያደሉ አልለምንዎትም። ልጄ ጨዋ ነው እንዲሉልኝም አልፈልግም፣ ያንን የሚያምን የለም። የጠየቁኝንና የመለስኩልዎን ብቻ ይናገሩ። «ቂም ይዘሃል ወይ አልኩት፤ የለም አለኝ፤ ስለ ካሳ አልጠየቅኩትም» ይበሉ። ከዚህ አይበልጥም። ሰው ምን ይለኛል፣ ያስታረቅሁት ሁሉ ይፈርሳል ብለው እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። በዶሮ የተጣሉት ጎረቤታሞች ግን ይህን ሰምተው ተመልሰው የሚኮራረፉ አይመስለኝም። ባለ ብርቱካኑ መኪና ልላክልዎ ይልዎት ይሆናል፤ ፒካፑ ከተጠገነ ቆይቷል፣ ከእኔ ቀድሞ ነው የዳነው። በእሱ አይምጡብኝ። የአውቶቡስ ቲኬትዎን ለእህቴ ልኬያለሁ፤ መስኮት አጠገብ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ያን እሑድ ስለ ሰውየው ጠየቁኝ እንጂ ስለ ራስዎ አልጠየቁኝም። በእሱ ላይ ዛሬም ቂም የለኝም፤ የማያውቀኝ ሰው ነው፣ የሚበጀውን አደረገ። ቂም የያዝኩት በእርስዎ ነው። ይህን በስልክ ልነግርዎ ነበር አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የደወልኩት፤ ስልክ ላይ ቢሆን ምናልባት ድምፅዎን ስሰማ እተወው ነበር።

ክሱን አልተውም። ቢመጡም ባይመጡም በቀጠሮው ቀን ስምዎ ይጠራል። ስምዎ ሲጠራ ሰው ሁሉ ወደ ዳኛዋ ያያል፤ እኔ በሩን ነው የማየው።

እማዬን እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ። የላከችልኝ የሱፍ ካልሲ ደርሶኛል፤ ለጊዜው አንደኛውን ብቻ ነው የማጠልቀው፣ ሁለተኛው ተራውን ይጠብቃል። አጎቴን ሰላም በሉልኝ፤ በፎቶግራፉ ላይ ዓይናቸው ተጨፍኗልና የሚፈርሙበትን ወረቀት ማየታቸው ያጠራጥራል ብሏል በሏቸው። አክስቴን ሳሙልኝ፤ ጥርሷን ተሻላት ወይ? የእህቴን ባል፣ ትንሿንም ልጃቸውን በየተራ ሰላም በሉልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ እስከ ዶሮዋ ድረስ ሰላም ብያለሁ። ደብዳቤ ሲመጣ እንደ ልማድዎ ቆመው ለቤቱ ሰው ጮክ ብለው እንደሚያነቡ ስለማውቅ፣ በዚሁ ሁሉም ሰላምታዬ እንዲደርሳቸው አደራ እላለሁ።

ልጅዎ

ከመስታወት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍል
ጥቅምት 6 ቀን

ግልባጭ፦ ለታናሽ እህቴ፤ አባባ ሲያነቡ የሚዘሉት መስመር ቢኖር እንድታሟላ።